ጤናችን፦ ሁለት መድኃኒት በአንድ ሆድ

  ክረምቱ በርትቷል። ደባርቅ በጉም ተሸፍናለች። የዳባት መንገድ ጭቃ ነው። ቢሆንም የማታው ክፍል አልተዘጋም። እናንተም ደብተራችሁን በጋቢ ሸፍናችሁ ትመጣላችሁ። በርቱ።

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ ውሃ ንጽሕና አንብበናል። የዛሬው ንባባችን ስለ ጨጓራ መድኃኒት ነው። የጨጓራ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኝ ምን ይሆናል? ጥያቄው ይኸ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ስላጠፋን ነው። ጥፋቱም የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን።

ጥፋታችን

ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል ከዳባት ወዲያ ማዶ የሚኖሩ አንድ ገበሬ አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ፊደል የቆጠሩት ከእኛ ጋር ነው። ስማቸውን አንጽፍም። እሳቸውም፣ «ነገሩን ጻፉት፣ ስሜን ተዉት» ብለውናል።

እኒህ አባት ትኩሳት ያዛቸው። ራሳቸውን ፈለጣቸው፤ ሰውነታቸውን ቆረጠማቸው። ጤና ጣቢያ ሄዱ። በሽታው በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ነው ተባለ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት ተሰጣቸው። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለሰባት ቀን ይውሰዱ» ተባሉ።

በማግስቱ ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። ከመደብ ላይ ተኝተው አገኘናቸው። እንዲህም አሉን፦

«ልጆቼ፣ ይኸ መድኃኒት ደረቴን ያቃጥለኛል። ጨጓራም አለብኝ። ከገበያ የገዛሁት ነጭ ፈሳሽ አለ፤ ለጨጓራ የሚጠጣው። እሱን ላስከትልበት ይሆን?»

እኛም፣ «ምን ችግር አለው አባባ! አብረው ይውሰዱት። ያበርድልዎታል» አልናቸው።

ይህን ያልነው አውቀን አይደለም። አናውቅም ማለት አፍረን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተብሎ መጥቶ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራል መሰለን። እሳቸውም አስተማሪ ተናገረ ብለው አመኑን። ጠዋት መድኃኒቱን ይውጣሉ፤ ወዲያው ነጩን ይጠጣሉ። ማታም እንዲሁ።

ቃጠሎው ቀለለ። ትኩሳቱ ግን አልበረደም። አራት ቀን ሆነ፤ አሁንም እሳት ናቸው። ልጃቸው በበቅሎ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያው መለሳቸው። ነርሷ፣ «ከሰጠንዎት መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት አለ?» ብላ ጠየቀች። «የለም» አሉ። የዋሹ እንዳይመስላችሁ። የጨጓራውን ነጭ ፈሳሽ ከመድኃኒት አልቆጠሩትም። ልጃቸው ግን፣ «አባቴ፣ ነጩስ?» አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ።

ነርሷ ሁለቱን መድኃኒቶች በሰዓት ለየቻቸው። ዶክሲሳይክሊን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ነጩ ፈሳሽ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት። ሌላም ነገር መከረቻቸው። «ዶክሲሳይክሊን በአንድ ጉንጭ ውሃ ተውጦ አይተኛበትም። ቁጭ ብለው፣ እህል ቀምሰው፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ» አለቻቸው። ለካ ደረታቸውን ያቃጠላቸው መድኃኒቱ ጉሮሯቸው ላይ እየቀረ ኖሯል።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በሳምንቱ ወደ ክፍል ተመለሱ። ገና ከመግባታቸው፣ «አስተማሪዎቼ፣ የማታውቁትን አታስተምሩ» አሉን። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ግን አፈርን። እኒህ አባት በእኛ አፍ ምክንያት ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ተስቦ ይገድላልና።

ከዚያ በኋላ ወደ መድኃኒት ባለሙያ ሄደን ጠየቅን። መጽሐፍም አነበብን። የተማርነውን ነው ዛሬ የምንጽፍላችሁ።

ጨጓራ ምንድን ነው?

ሰው፣ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ጨጓራ የሌለው ሰው ግን የለም። ጨጓራ የበላነው እህል የሚያርፍበት ከረጢት ነው። በሽታው የጨጓራ መቁሰል ወይም ቃር ነው።

በጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚባል ውሃ አለ። እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ከሎሚም ይበረታል። ሥራው ምግብ መፍጨትና ከምግብ ጋር የገባውን ተሐዋስያን መግደል ነው። ስለዚህ አሲድ ጠላታችን አይደለም። ጨጓራ ሲቆስል ወይም አሲዱ ወደ ጉሮሮ ሲወጣ ግን ያቃጥላል። ያን ጊዜ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ይፈልጋል።

የጨጓራ መድኃኒት ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ነጩ ፈሳሽ ወይም የሚታኘከው ኪኒን ነው። በውስጡ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም አለ። ማግኒዥየም ትራይሲሊኬት የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። የፈሰሰውን አሲድ ያበርዳል። ቶሎ ይሠራል፤ ቶሎም ያልቃል።

ሁለተኛው እነሲሜቲዲን ናቸው። አሲዱ በብዛት እንዳይመነጭ ይቀንሳሉ። ሲሜቲዲን በሽያጭ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ራኒቲዲን የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ጎጂ ቆሻሻ ስለተገኘበት በብዙ አገር ከገበያ ተነስቷል። ከድሮ የተረፈ ራኒቲዲን በቤታችሁ ካለ ለመድኃኒት ባለሙያ አሳዩት።

ሦስተኛው ኦሜፕራዞል ነው። በስዊድን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ለሽያጭ ወጣ። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ይኸኛው የፈሰሰውን አያበርድም፤ የአሲዱን ምንጭ ይዘጋል። ስለዚህ ሥራው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የሚወሰደው ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። አይፈጭም፤ አይታኘክም።

ይህን ልዩነት ያዙት። ነጩ ፈሳሽ የፈሰሰውን ያበርዳል። ኦሜፕራዞል ምንጩን ይዘጋል። ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

መድኃኒት ከመድኃኒት የሚጋጨው እንዴት ነው?

አገራችን፣ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ለጎጆ ጥሩ ምክር ነው። ለመድኃኒት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሁለተኛው ባላ አንደኛውን የሚሰብርበት ጊዜ አለ። ይህም በሦስት መንገድ ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ መጠመድ ነው። አንድ በሬ በጠባብ በር ያልፋል። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ተጠምዶ ግን በዚያው በር አያልፍም። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ዶክሲሳይክሊን ብቻውን ሲሆን ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል። ከነጩ ፈሳሽ ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ ግን አንድ ላይ ይጠመዳል። ስለዚህ ወደ ደም አያልፍም፤ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ሰውየው መድኃኒት ውጧል። ደሙ ግን መድኃኒት አላገኘም። በሽተኛችንን የገጠማቸው ይኸ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አለመሟሟት ነው። አንዳንድ መድኃኒት ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል። አሲዱን ካጠፋንበት ሳይሟሟ ያልፋል።

ሦስተኛው መንገድ በጉበት በኩል ነው። ጉበት መድኃኒትን ሠርቶ የሚያስወጣ ወፍጮ ነው። ሲሜቲዲን ይህን ወፍጮ ያዘገየዋል። ያን ጊዜ ሌላው መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከልክ ያልፋል። ኦሜፕራዞልም ለአንዳንድ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል።

ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች መድኃኒቱ ያንሳል፤ በሽታው አይድንም። በሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይበዛል፤ ራሱ ይጎዳል። ሁለቱም መጥፎ ነው።

ከነጩ ፈሳሽ ጋር አብረው የማይዋጡ

እነዚህን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በቤታችሁ ያለ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል።

ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን። ለተስቦና ለሌላም በሽታ ይሰጣሉ። መጀመሪያ እነሱን መዋጥ ነው። ነጩ ፈሳሽ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይጠጣል። ቴትራሳይክሊን ከወተትና ከእርጎ ጋርም አይዋጥም።

ሲፕሮፍሎክሳሲን። ለተቅማጥ፣ ለሽንት ቧንቧ በሽታና ለሌላም ይሰጣል። ከነጩ ፈሳሽ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይዋጣል። ነጩ ቀድሞ ከተጠጣ ደግሞ 6 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። በወተት ብቻውንም አይዋጥም።

ክሎሮኪን። ለአንደኛው የወባ ዓይነት ይሰጣል። ከእናንተ መካከል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ የምትወርዱ አላችሁ። ሊማሊሞን ወርዳችሁ ወደ ዛሪማ የምትሻገሩም አላችሁ። ወባ ይዟችሁ ክሎሮኪን ከተሰጣችሁ ከነጩ ፈሳሽ ጋር ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቁት።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት። ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ከነጩ ፈሳሽ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀድመው ይወሰዳሉ። የነቀርሳ ሕክምና ብዙ ወራት ይፈጃል። በየቀኑ እየተቀነሰ ወደ ደም የሚገባ መድኃኒት ተሐዋሲውን አይገድለውም። ይልቁንም መድኃኒቱን ያለማምደዋል። የተለማመደ ነቀርሳ ለማዳን ከባድ ነው፤ ለቤተሰብም ይተላለፋል።

ዶሉቴግራቪር። ዛሬ በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚወስዱት በውስጡ ይኸ ያለበትን ኪኒን ነው። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት 2 ሰዓት አስቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል።

ታይሮክሲን። እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይወስዳሉ። ከነጩ ፈሳሽ 4 ሰዓት ይራቅ።

አይረን፣ ማለት የደም ማነስ ኪኒን። ስለዚህ ለብቻው እንጽፋለን።

ለነፍሰ ጡር እናቶች

ከሴቶቹ ክፍል አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «የጤና ኤክስቴንሽኗ የደም ኪኒን ሰጠችኝ። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ቃር በዛብኝ። ለቃሩ ነጩን እጠጣለሁ። ኪኒኑንም ከቡና ቁርስ ጋር እውጠዋለሁ። ልክ ነኝ?»

በዚህ ጊዜ ግን ተምረናል። «አናውቅም እህታችን፣ ጠይቀን እንመጣለን» አልናት። ጠይቀንም መጣን። መልሱ እንዲህ ነው።

አይረን ወደ ደም ለመግባት አሲድ ይፈልጋል። ነጩ ፈሳሽም፣ ኦሜፕራዞልም አሲዱን ስለሚቀንሱ የሚገባውን አይረን ያሳንሱታል። ቡናና ሻይም ይይዙታል። ስለዚህ አይረኑን ከቡናው ማራቅ ነው። ከመጠጣት 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከነጩ ፈሳሽም ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ። አይረኑ ሆድ ከረበሸ ከትንሽ ምግብ ጋር ይወሰዳል።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? እናት በወሊድ ጊዜ ደም ይፈሳታል። ደሟ ቀድሞ ያነሰ ከሆነ ጥቂት መፍሰስም ለሞት ያደርሳል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ቀበሌ እስከ ሆስፒታል ያለውን ዳገት እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ ላይ እናትን የሚያቆያት በደሟ ውስጥ ያለው ነው። ኪኒኑን ዘጠኝ ወር ሙሉ ውጣ፣ ግን በቡናና በነጭ ፈሳሽ አባክናው ከሆነ ልፋቷ ከንቱ ነው።

ሰዓት መለየት የማይጠቅምበት

ቀደም ሲል፣ ኦሜፕራዞል ምንጩን ይዘጋል ብለናል። አሁን እንፈልገዋለን።

ነጩ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰዓት መለየት ይበቃል። የኦሜፕራዞል ሥራ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ጠዋት ውጠነው ማታ ሌላ መድኃኒት ብንወስድም አሲዱ እንደቀነሰ ነው። ስለዚህ አሲድ ከሚፈልግ መድኃኒት ጋር ሲሆን ሰዓት መለየት አያድንም። ሐኪሙ አንዱን መለወጥ አለበት።

ከእነዚህ አንዱ ኬቶኮናዞል የሚባለው የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሌላው አታዛናቪር ነው። አታዛናቪር የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት አልሠራ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ ነው። አታዛናቪር የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ኦሜፕራዞል ገዝቶ መዋጥ የለበትም። ዶሉቴግራቪር ግን ከኦሜፕራዞል ጋር አይጋጭም። እንግዲህ አያችሁ? ለአንዱ ክፉ የሆነው ለሌላው ክፉ አይደለም። ስለዚህ በግምት አይሠራም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጉበት በኩል የሚጋጩትም አሉ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ከሲሜቲዲን ጋር ከተወሰደ ኃይሉ ይበዛል፤ ሰውን ያደማል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንም ከሲሜቲዲን ጋር በደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ይዞረዋል፤ ይንገዳገዳል። ክሎፒዶግሬል የሚባለው የልብ መድኃኒት ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ጉበት ሲቀይረው ነው። ኦሜፕራዞል ይህን ስለሚያደናቅፍ ኃይሉን ይቀንሰዋል። እነዚህን የሚወስድ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አብረው የሚታዘዙም አሉ

እንግዲህ የጨጓራ መድኃኒት ከምንም ጋር አይወሰድም ማለታችን አይደለም። ሐኪም ሆን ብሎ አብሮ የሚያዝበት ጊዜ አለ።

ቀድሞ የጨጓራ ቁስል የሚመጣው በጭንቀትና በበርበሬ ነው ይባል ነበር። በአውስትራሊያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ግን ብዙውን ጊዜ ቁስሉን የሚያመጣው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው አሉ። ያመናቸው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ባክቴሪያው ያለበትን ውሃ ራሱ ጠጣው። ታመመ። ጨጓራውም መቆጣቱ ታየ። በኋላ ሁሉም አመናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ዛሬ ይህ ባክቴሪያ ሲገኝ ኦሜፕራዞል ከሁለት ጀርም ገዳይ መድኃኒቶች ጋር ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ እነዚህ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ናቸው። እዚህ ላይ ኦሜፕራዞል እንቅፋት ሳይሆን ረዳት ነው። አሲዱን ስለሚያበርድ ጀርም ገዳዮቹ በደንብ ይሠራሉ። ስለዚህ ሐኪም አብራችሁ ውሰዱ ያላችሁን፣ «ጋዜጣው አትውሰዱ ብሏል» ብላችሁ እንዳትተዉ። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ ጥፋት አጠፋን ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጠርሙሱንም፣ ፍሬውንም፣ ከገበያ የተገዛውንም በአንድ ፌስታል አድርጉት። «ይኸ መድኃኒት አይደለም» ብላችሁ አትተዉ። ለጨጓራ የምትጠጡትን ተልባም ተናገሩ። ተልባ ወፍራም ስለሆነ መድኃኒት አብሮት ባይዋጥ ይሻላል።

ሁለተኛ። ነርሷ ባትጠይቃችሁ እናንተ ጠይቁ። «የጨጓራ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ? ስንት ሰዓት ላራርቀው?» በሉ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ። መድኃኒቱ ላይ የታተመው ስም ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ፊደል ነው። እናንተ የተማራችሁት የእኛን ፊደል ነው። ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያውን፣ «እባክህ በአማርኛ ጻፍልኝ» በሉት። ስሙን፣ ለምን እንደሆነና ሰዓቱን ይጻፍላችሁ። ከዚያ ፊት ለፊቱ አንብቡለት። ካልገባችሁ እንደገና ጠይቁ።

አራተኛ። ሰው ሲለይ በራሳችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። የነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተጋጨብኝ ብሎ ቢጠረጥር የሚያቆመው ነጩን ፈሳሽ ነው፤ ዋናውን መድኃኒት አይደለም። ከዚያ ወዲያው ሄዶ ይጠይቅ።

አምስተኛ። ጨጓራን የሚያቆስል መድኃኒትም አለ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚገዙት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ጨጓራን ያቆስላሉ። ሰው ለወገቡ ዲክሎፌናክ ይውጣል። ጨጓራው ይነሳበታል። ለጨጓራው ነጩን ይጠጣል። በዚህ ዓይነት መድኃኒት መድኃኒትን ይጠራል። ከየትኛው እንደጀመረ ለሐኪም ይንገር።

ስድስተኛ። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል ነው፦ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ ምግብ አልዋጥ ማለት፣ ያለምክንያት መክሳት። እነዚህን ነጭ ፈሳሽ እየጠጡ መሸፈን ያስገድላል። አይረን የምትወስድ እናት ዓይነ ምድሯ ሊጠቁር ይችላል፤ እሷም ቢሆን ትጠይቅ።

በደብተራችሁ ገልብጡት

ከዚህ በታች ያለው የእኒያ አባት ወረቀት ነው። ራሳቸው በእጃቸው ጻፉት። አሁን በምሰሷቸው ላይ ተለጥፏል። እናንተም የቤታችሁን መድኃኒት በዚህ ዓይነት ጻፉ።

ጠዋት 1 ሰዓት — ዶክሲሳይክሊን፣ ለተስቦ። ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር።
ጠዋት 4 ሰዓት — ነጩ ፈሳሽ፣ ለጨጓራ።
ማታ 1 ሰዓት — ዶክሲሳይክሊን። ቁጭ ብሎ።
ማታ 4 ሰዓት — ነጩ ፈሳሽ።

አራት መስመር ናት። እኒያ አባት፣ «ይችን አራት መስመር ቀድሜ ማንበብ ብችል ኖሮ በበቅሎ ባልተጫንኩ» ብለዋል። መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ወረቀቱን አላነሱትም። «ይኑር፣ የልጅ ልጆቼ ይዩት» አሉ።

ጎንደር የጤና ትምህርት አገር ናት። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ሐኪምና ነርስ ከዚያ ወጥቷል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለሙያው ሩቅ አይደለም። በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ሩቅ የሆነው ጥያቄያችን ነው። አፍረን ካልጠየቅን፣ ጎረቤት ያለው ሐኪምም ከባሕር ማዶ እንዳለ ነው።

የአገራችን ሰው፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። እኛ ደግሞ ከእኒያ አባት የተማርነውን እንጨምርበታለን። መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ነው።

አዲስ ቃላት

አሲድ — በጨጓራ ውስጥ ያለ የሚኮመጥጥ ውሃ።
ቃር — አሲድ ወደ ጉሮሮ ሲወጣ የሚሰማ ቃጠሎ።
ተሐዋሲ — በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ነፍሳት።
ማራራቅ — በሁለት ነገር መካከል ጊዜ ወይም ቦታ መተው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዶክሲሳይክሊንና ነጩ ፈሳሽ አብረው ሲዋጡ ለምን አይሠራም? በበሬና በቀንበር ምሳሌ አስረዱ።
2. ለነጩ ፈሳሽ ሰዓት መለየት ይበቃል። ለኦሜፕራዞል ግን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ለምን?
3. እኒያ አባት ነርሷን «የለም» ያሏት ለምንድን ነው? እናንተስ ከመድኃኒት የማትቆጥሩት ነገር በቤታችሁ አለ?
4. አስተማሪዎቹ ምን ማለት ነበረባቸው?

የቤት ሥራ

በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቁጠሩ። ስሙን የማታውቁት ካለ ይዛችሁ ኑ። አብረን ወደ ባለሙያው ሄደን እንጠይቃለን። እኛ ራሳችን አንመልስላችሁም።

ለሳምንት ያድርሰን።